የሁለተኛ ቤዝ ጓንት ስንመርጥ፦ የዊልሰን ኤ2000 ዲፒ15 ግምገማ

እጁ ትንሽ ወይም ቀጭን ለሆነ የቤዝቦል ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ዊልሰን ኤ2000 ዲፒ15ን የሚስተካከል ጓንት አናውቅም። እጀ ሰፊ ለሆነ፣ ሦስተኛ ቤዝ ለሚጠብቅ ወይም ገና አሥራ ሁለት ዓመት ላላለፈው ልጅ ግን አይሆንም። አዲሱ እንደ ቀለሙና እንደ ሥሪቱ ከ250 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ስለሚሸጥ፣ ሳይለኩ ገዝቶ ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ያሳዝናል። ይህን የምንጽፈው በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ልጆቻቸው ጸደይ ሲመጣ ቤዝቦል ለሚጀምሩ ወላጆችና ራሳቸው ለሚጫወቱ ወጣቶች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ምን እንደሚጠይቅ ሳይታወቅ ጓንቱ ለምን እንዲህ እንደተሠራ አይገባም። የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች የሚቆመው በአንደኛና በሁለተኛ ቤዝ (ሯጭ በሚረግጣቸው ማረፊያዎች) መካከል ነው። ከቤዝ እስከ ቤዝ ያለው ርቀት 90 ጫማ፣ ማለትም 27.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚወረውረው ከሾርትስቶፑም (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ከሚቆመው) ሆነ ከሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቹ ያጠረ ነው። ስለዚህ ከክንድ ጉልበት ይልቅ የእጅ ፍጥነት ይፈለግበታል። በትልቁ ሊግ (ሜጀር ሊግ) አንድ መቺ ኳሷን ከመታ በኋላ አንደኛ ቤዝ እስኪረግጥ በአማካይ 4.3 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ከዚህ ውስጥ ኳሷ መሬት ለመሬት የምትጓዝበትን ጊዜ ተከላካዩ ሊያሳጥረው አይችልም። ሊያሳጥረው የሚችለው ኳሷ ጓንቱን ከነካች በኋላ ወደ ቀኝ እጁ እስክትዛወር ያለውን ቅጽበት ነው። ጥልቅ ኪስ ያለው ጓንት ኳሷን ይውጣታል፤ ጣት ገብቶ ፈልጎ እስኪያወጣት ሯጩ ደርሷል።

ደብል ፕሌይ፣ ማለትም በአንድ ምት ሁለት ሯጮችን ማስወጣት፣ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ተጫዋቹ ከሾርትስቶፑ የተወረወረችለትን ኳስ ቤዙ ላይ ተቀብሎ፣ ቤዙን ረግጦ፣ ዞሮ ወደ አንደኛ ይወረውራል። ይህን ሲያደርግ ከአንደኛ የተነሳው ሯጭ ወደ እግሩ እየተንሸራተተ ነው። እዚህ ላይ ጎበዝ ተጫዋች ጓንቱን ጨብጦ ኳሷን አይዛትም። መዳፉን ዘርግቶ ያቆማትና ወዲያው በቀኝ እጁ ያነሳታል። ለዚህ የሚሆነው አፉ ሰፊ፣ ኪሱ ጎድጎድ ያላለ፣ መዳፉ ሲዘረጋ የማይታጠፍ ጓንት ነው።

ስሙን ለዚህ ጓንት የሰጠው ደስቲን ፔድሮያ ነው። ዲፒ የስሙና የአባቱ ስም መነሻ፣ 15 ደግሞ የመለያ ቁጥሩ ነው። ቦስተን ሬድ ሶክስ በ2004 ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ሁለተኛ ዙር መረጠው፤ በ2006 ትልቁን ሊግ ተቀላቀለ፤ እስከ መጨረሻው ከዚያው ክለብ አልወጣም። በመዝገብ የተጻፈው ቁመቱ 5 ጫማ ከ9 ኢንች ነው፣ ለዚህ ሊግ አጭር ከሚባሉት። በ2007 የአሜሪካን ሊግ (ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች የአንዱ) ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፣ በዚያው ዓመት ከቡድኑ ጋር የወርልድ ሲሪስ (የትልቁ ሊግ ፍጻሜ) ዋንጫ ወሰደ። በ2008 ደግሞ 213 ምቶች፣ ከነዚህም 54 ባለ ሁለት ቤዝ፣ በ.326 አማካይ (ከሺህ ሙከራ 326 ምት) መትቶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በመከላከል በኩል የወርቅ ጓንት ሽልማትን በ2008፣ በ2011፣ በ2013 እና በ2014 ወስዷል። ሽልማቱን የሚሰጠው የዊልሰን ዋና ተፎካካሪ ራውሊንግስ ነው፤ ያ ሽልማትም ሆነ የኤ2000 ጓንት የተጀመሩት በአንድ ዓመት፣ በ1957 ነው።

ጓንቱ ላይ ፍርድ ለመስጠት ከዚህ ሁሉ ሽልማት ይልቅ አንድ ኳስ የበለጠ ያስረዳል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 አዲሱ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውር) ክሌይ ባክሆልዝ ባልቲሞር ኦሪዮልስን አንድም ምት ሳይሰጥ ባሸነፈበት ጨዋታ፣ በ7ኛው ዙር ሚጌል ቴሃዳ የሜዳውን መሃል ሰንጥቃ የምትወጣ ኳስ መታ። ፔድሮያ በአየር ተወርውሮ ያዛት፣ ተነስቶም ወደ አንደኛ ቤዝ ወርውሮ አስወጣው። ያለዚያ ኳስ የባክሆልዝ ታሪክ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ክንድ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ኳሷ በጓንቱ ጫፍ ስትያዝ፣ ጓንቱ በእጅ ላይ ትንሽ እንኳ ከዞረ ኳሷ ትሾልካለች። ለትንሽ እጅ ትልቅ መግቢያ ያለው ጓንት የሚያሳጣው ይህንኑ ነው፤ ችግሩ በልምምድ ላይ አይታይም፣ ሰውነት ሲዘረጋ ይታያል።

የቦታውን አደጋም መርሳት አይገባም። በ2015 የመጨረሻ ውድድሮች ላይ ቼዝ አትሊ በመንሸራተት የሩበን ቴሃዳን እግር ከሰበረ በኋላ፣ ከ2016 ጀምሮ ሯጭ በትክክል ወደ ቤዙ እንጂ ወደ ተከላካዩ እንዳይንሸራተት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ያም ሆኖ ኤፕሪል 21 ቀን 2017 የማኒ ማቻዶ መንሸራተት የፔድሮያን ግራ ጉልበት ጎዳ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በ2018 የተጫወተው 3 ጨዋታ፣ በ2019 ደግሞ 6 ጨዋታ ብቻ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ጨዋታ ማቆሙን ሲያስታውቅ 1,512 ጨዋታዎች፣ 1,805 ምቶችና .299 የምት አማካይ ነበሩት። የትኛውም ጓንት ጉልበት አያድንም። ሆኖም ልጆች ኳሷን ከጓንት ቶሎ ማውጣትን የሚማሩት ሯጩን ለማስወጣት ብቻ ሳይሆን፣ ቤዙ አካባቢ የሚቆዩበትን ጊዜ ለማሳጠርም እንደሆነ አሠልጣኝ ሊነግራቸው ይገባል።

ወደ ጓንቱ እንግባ። ርዝመቱ 11.5 ኢንች፣ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ የሚለካው ከሌባ ጣት ቤት ጫፍ ተነስቶ በመዳፉ በኩል እስከ ተረከዙ (እጅ አንጓ ጋ እስካለው የጓንቱ የታች ጠርዝ) ድረስ ነው። በዚህ በኩል ከማንኛውም መደበኛ የውስጠኛ ሜዳ ጓንት አይለይም። የሚለየው በልኩ ነው፦ የእጅ መግቢያው ጠበብ ያለ፣ የጣት ቤቶቹ ቀጠን ያሉ፣ ተረከዙም ሳሳ ያለ ነው። ኩባንያው ይህን ልክ በፔድሮያ ስም ይጠራዋል፤ በሌሎች ርዝመቶችም ሠርቶታል። ብዙ ወላጆች ለትንሽ እጅ መፍትሔው አጭር ጓንት ይመስላቸዋል። አጭር ጓንት ግን መድረሻን ይቀንሳል፤ ጠባብ ልክ መድረሻን ሳይነካ ጓንቱን ከእጅ ጋር ያስራል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ መድረሻ የበለጠ ተፈላጊ ሆኗል፤ የትልቁ ሊግ ደንብ አራቱም የውስጠኛ ሜዳ ተከላካዮች አፈሩ ላይ እንዲቆሙ፣ በሁለተኛ ቤዝ በእያንዳንዱ ወገንም ሁለት ሁለት እንዲሆኑ ስለሚያዝ፣ የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ሣሩ ላይ ወደ ኋላ ርቆ ቆሞ ጊዜ ማግኘት አይችልም። በዚህ ምክንያት ከ11.25 ኢንች ይልቅ 11.5ቱን እንመርጣለን።

ልኩን ሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። እጅን አስገብቶ የእጅ አንጓ ማሰሪያውን ሳያጠብቁ ጣቶቹን ወደ መሬት ማዘቅዘቅና እጅን ዘና ማድረግ፤ ጓንቱ ተንሸራቶ ከወረደ ሰፊ ነው። ቀጥሎ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ፤ እጅ ዞሮ ጓንቱ ከዘገየ አሁንም ሰፊ ነው። በተቃራኒው የጣቶቹ መገጣጠሚያ የጣት ቤቱን ግድግዳ ከገፋ፣ ወይም የመዳፉ ጎን መግቢያው ላይ ከተጨናነቀ፣ ይህ ልክ አይሆንም። ቆዳው ይለሰልሳል እንጂ የእጅ መግቢያው በቁጥር አይሰፋም። ቀጭን የውስጥ ጓንት የሚለብስ ተጫዋች እሱን ለብሶ ይፈትን። ሌባ ጣቱን ከጓንቱ ጀርባ ውጪ የሚያወጣም እንዲሁ አውጥቶ ይሞክር፤ የጠንካራ ውርወራ ሕመም ስለሚቀንስ ብዙዎች እንደዚያ ይይዛሉ።

አንድ የተለመደ ልማድ ከዚህ ጓንት ጋር አይሄድም። አንዳንድ ተጫዋቾች የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት በትንሿ ጣት ቤት ውስጥ አብረው አስገብተው ሌሎቹን አንድ አንድ ቤት ያሸጋግራሉ። ይህ አያያዝ ኪሱን ያጠልቀዋል፣ ጓንቱንም ለመዝጋት ያቀላል። የዲፒ15 ትንሿ ጣት ቤት ግን ለአንድ ቀጭን ጣት የተሠራች ናት። ሁለት ጣት ሲገባባት ስፌቱ ይወጠራል፣ የጓንቱ ጎንም ወደ ውጭ ይጎብጣል። ለሁለተኛ ቤዝ ጥልቅ ኪስ ስለማያስፈልግም ልማዱን መተው ይሻላል።

ቆዳው ኩባንያው ፕሮ ስቶክ የሚለው የሰንጋ ቆዳ ነው። ወፍራም፣ በአዲስነቱ ግትር፣ ከተገራ በኋላ ግን ቅርጹን ለዓመታት የሚጠብቅ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በግ የሚገኘው ሌጦ ለጎልፍ ጓንትና ለመሰል ስስ ጓንቶች በዓለም የታወቀ ነው፤ ኳስ መያዣ ጓንት ግን በየቀኑ መቶ ጊዜ ስለሚመታ የከብት ቆዳ ይፈልጋል። በእያንዳንዱ የጣት ቤት ጀርባ ሁለት ቀጫጭን የተጠቀለሉ የቆዳ ጠርዞች ተሰፍተዋል። የእነሱ ሥራ ጣቶቹ በጊዜ ብዛት ወደ ኋላ እንዳይልፈሰፈሱ መደገፍ ነው፣ ጓንቱ በሁለተኛው ዓመትም ቀጥ ብሎ የሚቆመው በነሱ ነው። የእጅ አንጓው ገበር ላብ የሚመጥ ጨርቅ ነው። ሱፐርስኪን የሚባለው ሥሪት ጀርባው ከቆዳ ሳይሆን ከሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ኩባንያው ከቆዳ በግማሽ የቀለለና በእጥፍ የጠነከረ ነው ይላል። ክብደቱ መቀነሱ በእጅ ላይ ይሰማል፤ ላብና ጠል ሣርም ቶሎ አያከብደውም። ቀለል ያለ ጓንት ለሚመርጥ ወጣት ሱፐርስኪኑን እንመክራለን። ግትርነቱን ለሚወድና ጓንቱን ረጅም ጊዜ ይዞ ለመቆየት ለሚያስብ ግን ሙሉ ቆዳው ይሻላል፤ ቆዳ ሲቧጨር በቅባት ይታደሳል፣ ሰው ሠራሹ አይታደስም።

በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው መረብ ኤች ፊደል ቅርጽ ነው፦ ሁለት ቋሚ የቆዳ ዘንጎች፣ መሃላቸውን የሚያገናኝ አግዳሚ፣ በጎንና በጎን ደግሞ ጠፍር። ክፍት ስለሆነ ኳስ ከመሬት ሲያፍሱ አብሮ የገባ አፈር በቀላሉ ይወጣል፤ ከፍ ብላ የምትወርድ ኳስ ከፀሐይ ጋር ስትመጣም በመሃሉ ማየት ይቻላል። ዝግ መረብ የፒቸሮች ነው፣ የኳስ አያያዛቸውን መቺው እንዳያይባቸው ይሸፍንላቸዋል። ለሁለተኛ ቤዝ ምንም አይጠቅምም፣ ክብደት ይጨምራል እንጂ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያበላሸው ክፍል ደረሰ፣ አዲስ ጓንት መግራት። ኤ2000 ከሱቅ ሲወጣ በአንድ እጅ አይዘጋም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የተጫዋቹን ቅርጽ እንዲይዝ ሆን ተብሎ ግትር ሆኖ ይሸጣል። በአግባቡ የተሠራበት እንደሆነ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ለጨዋታ ይደርሳል። ስለዚህ ውድድር በኤፕሪል የሚጀምር ከሆነ ጓንቱ በፌብሩዋሪ መገዛት አለበት።

መጀመሪያ የሚታጠፉት ቦታዎች ይፍታቱ። የአውራ ጣቱን ወገን ከሥሩ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማጠፍ፣ ከዚያ የትንሿን ጣት ወገን እንዲሁ፣ በቀን ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ። ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ ማጠፍ ያስፈልጋል። ጓንቱን እንደ መጽሐፍ ጥርቅም አድርጎ ማጠፍ መሃሉ ላይ አንድ ጥልቅ ስብራት ያወጣል፤ ያ ስብራት አንዴ ከወጣ አይጠፋም፣ መዳፉም ዳግመኛ ሰፊ ሆኖ አይዘረጋም። የዚህ ጓንት ተረከዝ ሳሳ ያለ ስለሆነ ስብራቱ ከሌሎች ጓንቶች ቀድሞ ይመጣበታል።

ቀጥሎ መዶሻ ነው። ጭንቅላቱ ድቡልቡል የሆነ የእንጨት መዶሻ በ20 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ ከሌለ አሮጌ ኳስ በእንጨት እጀታ ላይ ቸንክሮ መጠቀም ይቻላል። የሚመታው ኳሷ እንድታርፍበት የሚፈለገው ቦታ ነው፣ ለሁለተኛ ቤዝ ደግሞ ያ ቦታ ከሌባ ጣትና ከመሃል ጣት ሥር ያለው መዳፍ ነው። መረቡ ውስጥ ደጋግሞ መምታት ኳሷ ወደ መረቡ እንድትሄድ ያስተምራታል፤ ከዚያ ለማውጣት ደግሞ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መወራወር፦ በቀን ከ50 እስከ 100 ኳስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ቀስ ተብላ የምትወረወር፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለች። የጓንትን ቅርጽ ከኳስ የተሻለ የሚያወጣ ነገር የለም፤ መዶሻው መንገድ ጠራጊ ብቻ ነው።

በሙቅ ውሃ መግራትም አለ። በዚህ ዘዴ ስማቸው የሚነሳው የዊልሰን ጓንት ባለሙያ ሺጌአኪ አሶ ሙቅ ውሃ አፍስሰው ወዲያው በመዶሻ ሲሠሩ ይታያሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ሲሞከር ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው የውሃው ሙቀት ነው፦ የፈላ ውሃ የቆዳውን ጭረቶች አኮማትሮ ያደርቃል፣ ስለዚህ ከእሳት ወርዶ ጥቂት የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ሁለተኛው መጠኑ ነው፦ የሚበቃው አንድ የቡና ሲኒ የሚሆን ውሃ ሲሆን፣ የሚፈስሰውም መታጠፊያዎቹና መዳፉ ላይ ብቻ ነው፤ መንከር ውስጡ ያለውን ሙሌት ያረጥበዋል፣ ሙሌቱም ተሰብስቦ እብጠት ይሠራል። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሳይቆዩ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ማጠፍና መምታት፣ ከዚያ ኪሱ ውስጥ ኳስ አስቀምጦ በጥላ ሥር አንድ ሙሉ ቀን ማድረቅ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል። ጊዜ ያለው ሰው ባያደርገው እንመርጣለን።

ምድጃ፣ ማይክሮዌቭ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ በጋ ላይ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ መተው፣ በመኪና ጎማ መሄድ፣ ሁሉም ጓንት ይገድላሉ። ሙቀቱ ጠፍሮቹን ያደርቃል፤ የደረቀ ጠፍር በመጀመሪያው ጠንካራ ኳስ ይበጠሳል። ዘይት ማብዛትም ያው ነው። ቆዳው ዘይት ሲጠግብ ይከብዳል፣ ይላላል፣ የጣት ቤቶቹም ይወድቃሉ። የሚያስፈልገው ለጓንት የተሠራ ቅባት ነው፤ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ለመዳፉ፣ ሌላ እንዲያው ለጀርባውና ለጠፍሮቹ፣ በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት። በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ የወጥ ቤት ዘይት፣ ቫዝሊንና የጢም አረፋ በጭራሽ አይነኩትም።

ጉድለቶቹን እንናገር። የተረከዙ መሳሳት ጓንቱ ቶሎ እንዲገራ ይረዳል፤ ዋጋው ግን መዳፍ ላይ ይከፈላል። ከሾርትስቶፑ በቅርብ ርቀት የምትወረወር ጠንካራ ኳስ መዳፍ መሃል ስታርፍ ታሳምማለች፣ በተለይ በብርድ ኤፕሪል። ስስ የውስጥ ጓንት ወይም ለሌባ ጣት ሥር የሚለጠፍ ሙሌት ሕመሙን ይቀንሰዋል። ሁለተኛው፣ የትንሿ ጣት ማጥበቂያ ጠፍር ከሌሎቹ ቀድሞ ይለጠጣል፤ በየወሩ ቋጠሮውን ፈትቶ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ማጥበቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ ነጣ ያሉት ቀለሞች በላብና በቀይ አፈር ቶሎ ይቆሽሻሉ፤ ይህ መልኩን እንጂ ሥራውን አይነካም።

ከጎረቤቶቹ ጋር ሲነጻጸር ምርጫው በእጅ ልክ ይወሰናል። ከራሱ ከዊልሰን ቤት 1786 የሚባለው በርዝመቱም ሆነ በመረቡ ከዲፒ15 ጋር አንድ ሲሆን መግቢያው መደበኛ ነው፤ እጁ መካከለኛ ወይም ሰፊ ለሆነ የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ትክክለኛው እሱ ነው። 1787 ርዝመቱ 11.75 ኢንች፣ ኪሱም ጠለቅ ያለ ስለሆነ ሾርትስቶፕና ሦስተኛ ቤዝ ለሚያፈራርቅ ይስማማል። 1788 በ11.25 ኢንች ከሁሉም ፈጣን ነው፣ ግን ዘርጋ ሲሉ ያጥራል። ከራውሊንግስ በኩል የሃርት ኦፍ ዘ ሃይድ ጓንቶች በቆዳ ጥራት ከኤ2000 አያንሱም፤ ሲገዙ ግን ከዲፒ15 የበለጠ ግትር ናቸው፣ መግራቱም ይረዝማል። ለአሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ላለ ልጅ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ኤ500 የተባለው ቀለል ያለ የዊልሰን ጓንት ከ10.5 እስከ 11 ኢንች ቢገዛለት ይሻላል፤ እጁ ገና ስለሚያድግ፣ ግትሩን ኤ2000 ለመዝጋት የሚበቃ ጉልበትም ስለሌለው። መዝጋት ያቃተው ልጅ ኳሷን በሁለት እጁ ማፈን ይለምዳል፣ ያ ልማድ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ሲገዙ የሚፈጠር አንድ ስሕተት በተለይ በኢንተርኔት ሱቅ ደጋግሞ ይታያል። የጓንት መግለጫ የሚጻፈው ተጫዋቹ በሚወረውርበት እጅ ነው። በቀኙ የሚወረውር ልጅ ጓንቱን የሚያጠልቀው በግራ እጁ ነው፤ ማዘዝ ያለበት ግን የቀኝ ወርዋሪ የሚለውን ነው። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ግራኝ ተጫዋች አይታይም ማለት ይቻላል፦ ኳሷን ይዞ ወደ አንደኛ ለመወርወር ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ማዞር ስለሚኖርበት፣ ያቺ ዙር ሯጩን ታሳልፈዋለች። ልጁ ግራኝ ከሆነ ለአንደኛ ቤዝ ወይም ለውጪኛው ሜዳ የሚሆን ጓንት ይገዛለት።

ያገለገለ ዲፒ15 በግማሽ ዋጋ ማግኘት ይቻላል፣ ጥሩ ግዢም ሊሆን ይችላል። መዳፍን ከውስጥ ዳብሶ ገበሩ መቀደዱን፣ ተረከዙ ላይ ስብራት መኖሩን፣ ውስጡ ሻጋታ መሽተቱን ማየት ያስፈልጋል። ጠፍር መበጠሱ አያስፈራም፣ ይቀየራል። ገበር መቀደዱና ተረከዝ መሰበሩ ግን አይጠገንም፣ እንዲህ ያለውን መተው ነው። አዲስ ተብሎ በመቶ ዶላር የሚሸጥ ካለም አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከታወቀ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ውጪ አይገዛ።

ጠፍር ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው መረቡ ከሌባ ጣት ቤት ጫፍ ጋር ከሚታሰርበት ነው። ለመረቡ ብቻ 72 ኢንች ርዝመት ያለው አንድ ወይም ሁለት ጠፍር ይበቃል፤ ጓንቱን በሙሉ ለመቀየር ከአራት እስከ ስድስት ያስፈልጋል። ስፋቱ 3/16 ኢንች፣ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን መግዛት፤ ከዚህ የሰፋው በቀዳዳዎቹ አያልፍም፣ ቀዳዳውንም ይቀድዳል። አሮጌውን ከመምዘዝ በፊት ከፊትና ከኋላ በስልክ ፎቶ ማንሳት ግድ ነው፣ አለዚያ የጠፍሩ መንገድ ይጠፋል። ሥራው የሚሠራው በጠፍር ማስገቢያ መርፌ ሲሆን፣ በየሦስት ቀዳዳው እያጠበቁ መሄድ ይገባል። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተሳበ ጠፍር መሃሉ ላልቶ ይቀራል። የጓንት ጥገና ባለሙያዎች ሙሉ ጓንት ይሠራሉ፤ ያልለመደ ሰው መረቡን ራሱ ሞክሮ ተረከዙን ለባለሙያ ቢተው ጥሩ ነው፣ እዚያ ያለው ጠፍር የሙሌቱን ቅርጽ ስለሚወስን።

ውድድሩ ሲያልቅ ጓንቱ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ስስ ቅባት ይቀባ፣ ኪሱ ውስጥ ኳስ ይቀመጥለትና አፉ ወደ ታች ሆኖ አየር በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ይዋል። የዋሽንግተን በጋ እርጥበት የበዛበት ነውና በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በተዘጋ የስፖርት ቦርሳ ውስጥ ላብ እንደያዘ የተተወ ጓንት ይሻግታል። ሻጋታው ገና ላይ ላዩን ከሆነ በጥቂት ውሃና በለሰለሰ የቆዳ ሳሙና ተጠርጎ በጥላ ሥር ይደርቃል፤ ገበሩ ውስጥ ከገባ ግን ሽታው አይለቅም።